በሳይክል የመጡት ሽማግሌዎች

አሶሳ ውስጥ ስለ ጎማ ምክር ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሳይክል ይዞ ለአፍታ መቆም ይበቃል። መንገደኛው ሁሉ ባለሙያ ነው። አንዱ ጎማዬን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ «ነፋሱ በዝቷል» ይለኛል፤ ሌላው ከኋላው ደርሶ «ኧረ እንዲያውም ጎድሏል» ይላል፤ ሁለቱ እዚያው ሲከራከሩ እኔ ከሥራ እዘገያለሁ። በዚህ ሰበብ የዘገየሁባቸውን ቀኖች አለቃዬ አያውቃቸውም፤ አሁን ይወቃቸው።

ሥራዬ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ከቤት ቤት በሳይክል እዞራለሁ፣ በር አንኳኳለሁ፣ ውሻ ይጮህብኛል፣ ቁጥሩን ጽፌ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሴት ልጅ በሳይክል ስትዞር አይተው የሚገረሙ ነበሩ። አሁን ለምደውኛል፤ የሚገረሙት በእግሬ ስመጣ ነው። «ምነው፣ ሳይክልሽ ታመመ?» ይሉኛል። ሲታመም የምወስደው አንድ ቦታ ነው፤ ከገበያው በታች፣ ትልቁ የማንጎ ዛፍ ሥር፣ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ጋ።

ጎሚስታው ከመተከል ደጋ የመጣ፣ ቀጭን፣ ቶሎ የሚቆጣና ቶሎ የሚረሳ ሰው ነው። ሱቅ የለውም። ዛፉ ላይ አሮጌ ጎማዎች ሰቅሏል፤ ከሥሩ አንድ መንፊያ፣ ቀዳዳ የሚፈልግበት አንድ ሳፋ ውሃ፣ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ብሎንና ዳዶ፣ እና አንድ አግዳሚ ወንበር አለው። ለደንበኛ ተብሎ የተቀመጠው አግዳሚ ላይ ግን ደንበኛ ቦታ አግኝቶ አያውቅም። ሁለት ሰዎች ጧት መጥተው ይይዙታል።

አንደኛው ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ዛሬም ፊሽካ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲያወሩም ሜዳ ላይ ያለ ክፍል ሙሉ ተማሪ እንዲሰማቸው አድርገው ነው። ሁለተኛው የሆሞሻ ሰው ናቸው፤ የበርታ ተወላጅ፣ የከርከዴ አበባ ነጋዴ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ። ከርከዴውን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ከኋላ ይጭኑና በነጭ ጀለቢያቸው ቀጥ ብለው ይነዳሉ። አባባ ነው የምንላቸው። አማርኛቸው አጭር ነው፤ መምህሩ በአሥር ደቂቃ የሚናገሩትን በአራት ቃል ይጨርሱታል፤ መምህሩን የሚያናድዳቸውም ይኼ ነው።

በበጋ ክርክሩ ቀላል ነው። ሣሩ ሲቃጠል እሾህ ይበዛል፤ ሙቀቱ ሲጠና ማስቲሹ ይለቃል፤ ሳይክል ፀሐይ ላይ አይቆምም፤ በዚህ ሁሉም ይስማማል። ግንቦት አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ሲያጠፋው ግን የማንጎው ሥር ጉባኤ ይሆናል። አጀንዳው በየዓመቱ አንድ ነው፤ የክረምት ጎማ። የኛ ቀይ አፈር ሲረጥብ ሊጥ ነው። ጎማ ላይ ይጠቀለላል፣ በጭቃ መከላከያው በፓራፋንጎ ውስጥ ገብቶ ይጠቀጠቃል፣ ቸርኬው መዞር ያቆማል፤ ያኔ ሳይክሉ ሰውን መሸከሙን ትቶ ሰው ሳይክሉን ይሸከማል።

መምህሩ በወፍራም ጥርሳም ጎማ ያምናሉ። «ቆንጥጦ መያዝ አለበት» ይላሉ ጥፍራቸውን እያሳዩ። አባባ ደግሞ «ወፍራም ጭቃ ይሰበስባል። ቀጭን ይቆርጣል፣ ታች ደረቅ ያገኛል። ኸላስ» ይላሉ። ጎሚስታው ሁለቱንም አይቀበልም። ለእሱ ጉዳዩ የጎማ ሳይሆን የነፋስ ነው፤ ግማሹን አስተንፍሶ ጎማው መሬቱ ላይ እንዲተኛ ማድረግ ነው መፍትሔው። ሰንሰለት ዘይት ይቀባ ወይስ ሻማ ይታሽ፣ ፓራፋንጎ ይውለቅ ወይስ ይቆይ፣ የቀርከሃ ስንጥር ከጎማው አጠገብ ታስሮ ጭቃውን ይፋቅ ወይስ አይፋቅ፤ በዚህም ሁሉ ሦስቱ አይገናኙም። እኔ የሁሉንም ሞክሬ በሁሉም ወድቄያለሁ። ይህን ስናገር ሦስቱም «አወዳደቅሽ ነው» ይሉኛል።

እጮኛዬን ያገኘሁት እዚያው ነው። ሸርቆሌ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ዓርብ ዓርብ ሳይክሉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ አሶሳ ይገባል። አንድ ዓርብ መሪው ተጣሞ መጣ። ጎሚስታው እስኪያቃናለት ድረስ ሦስቱ ስለ ጎማ ሲነታረኩ አንድ ሰዓት ሙሉ በጸጥታ አዳመጣቸው። በመጨረሻ «አሁን ሳስበው ሦስታችሁም ልክ ናችሁ» አላቸው። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ተቆጡበት። በሕይወቴ ሦስቱ የተስማሙበትን ነገር ያየሁት ያን ቀን ነበር። በተረፈችው የአግዳሚው ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ ነበርና ስስቅ ወደቅሁ፤ ሊያነሳኝ እጁን ሰጠኝ፤ አልለቀቅሁትም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይላካል። ዘመዶቹ ሩቅ ናቸው፤ ሽማግሌ ምረጥ ሲባል አግዳሚውን መረጠ። መምህሩ ተናጋሪ፣ አባባ በዕድሜ፣ ጎሚስታው ደግሞ እንዳይቀየም። እኔ ሐሳቡ ሲነገረኝ ሁለት ቀን ሳቅሁ፤ በሦስተኛው ቀን አባቴን አሰብኩና ሳቄ ጠፋ።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳለ ሰፈራ መጥቶ እዚሁ ቀረ። መንደራችን ከባምባሲ አስፋልት ወደ ውስጥ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ባጃጅ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ሞተር ያለው ነገር አይገባም፤ ከገባም አይወጣም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከአክስቴ ጋር ነው የሚኖረው። ታላቅ እህቴን ወደ ሆሞሻ ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር ለሚኖር ጥሩ ሰው ድሯታል። ሰውዬው ጥሩ ነው፤ መንገዱ ነው መጥፎው። ክረምት ሲገባ የእኛም መንገድ ይዘጋል፣ የእነሱም ወንዝ ይሞላል፣ እሷ ትንንሽ ልጆች ታቅፋ እዚያ፣ አባቴ እዚህ። ስድስት ክረምት እንዲህ አለፈ። አባቴ ስለዚህ ነገር አያወራም። ዝናብ ሲጥል ግን በረንዳው ላይ ቆሞ ወደዚያ ያያል፤ ይህን አክስቴ ናት የነገረችኝ።

ስለዚህ ሁለተኛዋ ልጁም በዚያው አቅጣጫ ለሚያስተምር ሰው መታጨቷ ሲነገረው ምን እንደሚል ፈርቼ ነበር። የፈራሁት ደረሰ። መልሱን በአክስቴ በኩል ላከ፦ «ሽማግሌዎቹ ሐምሌ ላይ ይምጡ። በዕለቱ ደርሰው በዕለቱ ይመለሱ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።» ሐምሌ ላይ ሽማግሌ የሚልክ ሰው የለም። መንደሩ ሁሉ ነገሩን እንደ እንቢታ ነው የተረጎመው፤ እኔም እንደዚያው። አባቴ አይሆንም ማለት አይወድም፤ ስለዚህ የማይሆን ቀጠሮ ሰጠ ብዬ አለቀስኩ። እጮኛዬ ግን ወሬውን ማንጎው ሥር ሲያደርስ የሆነው ሌላ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደስ ብሏቸው ተነሡ። አንድ ሰው በመጨረሻ ስለ ክረምት ጎማ ከልቡ ጠይቋቸዋል።

የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና መንገዱ ሳይዘጋ በሰኔ መጨረሻ ወደ ቤቴ ገባሁ። ልጅቷ ከአባቷ ቤት ሆና ነው ሽማግሌ የምትጠብቀው። ዝግጅቱን የተከታተልኩት በስልክ ነው፤ ኔትወርክ የሚያዘው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ስለሆነ በየቀኑ ጃንጥላ ይዤ እዚያ እቆማለሁ። የማንጎው ሥር ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ስከፍተው ስለ ጥሎሽ፣ ስለ ጋቢ፣ ስለሚባለው ነገር አንድም ቃል የለም። ጎማ ብቻ። ጥርሳም ጎማ ከፊት ፎቶ ተነሥቶ፣ ጥርሳም ጎማ ከጎን። ጎሚስታው የድምፅ መልእክት ይልካል፤ መምህሩ ለዚያ በእጥፍ የረዘመ ይመልሳሉ፤ አባባ አውራ ጣት ይልካሉ። እጮኛዬ በመሀል ገብቶ «የምትናገሩትንስ ተለማምዳችኋል?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ «ንግግሩ በኪሴ ነው፣ አንተ ስለ ፍሬኑ አስብ» ብለው መለሱለት። በኋላ የራሱን ሳይክል ሁለቱንም ጎማዎች አውልቆ ለመምህሩ ሰጠ። ያለ ጎማ የቀረውን ሳይክሉን ፎቶ አንስቶ ለብቻዬ ላከልኝ፤ ከሥሩ «ተስፋዬ ሁሉ እዚያ ነው» ብሎ ጽፏል። ዝናብ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ በጣም ፈራሁ። ካልደረሱ እሱን አላገባም ማለት ነው።

የቀጠሮው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጧት አባራ። እስከ ባምባሲ ሳይክሎቹ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ መጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አሥር ኪሎ ሜትር ነው መንዳት ያለባቸው። እኔና አክስቴ እልፍኝ ገብተን በሩን ገርበብ አደረግን፤ በዚያች ክፍተት ግቢው ሁሉ ይታያል። ደንቡ እኔ እንዳልታይ ነው። አባቴ አዲስ ሽርጥ ታጥቆ፣ ጋቢውን ደርቦ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። እኔ ጥፍሬን በላሁ፤ የሚበላው ሲያልቅ የአክስቴን እጅ ያዝኩ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መጀመሪያ ብቅ ያሉት አባባ ነበሩ። ጀለቢያቸውን ወገባቸው ላይ ቋጥረው፣ በቀጭኑ ጎማቸው፣ ቁልቁለቱን እየበረሩ መጡ። በእርግጥም ቀጭኑ ጎማ ጭቃውን እየቆረጠ ይመጣል። የቀረ ነገር ቢኖር ፍሬኑ ነው፤ ጭቃው ጎማውን ትቶ ፍሬኑን በልቶታል። በአጥሩ በር ገቡ፣ አባቴ ፊት ሲያልፉ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ፣ ሳይቆሙ ቤቱን ዞሩ፣ ከጓሮ ድርቆሹ ክምር ውስጥ ገብተው ቆሙ። አባቴ «ወዓለይኩም ሰላም» ያለው ለባዶ ግቢ ነው። አክስቴ ሳቋ እንዳይሰማ አፏን በነጠላዋ አፈነች።

ከሩብ ሰዓት በኋላ መምህሩ ሳይክላቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ደረሱ። ጥርሳሙ ጎማ በእርግጥ ቆንጥጦ ይዟል፤ የያዘውን ግን አልለቅም ብሏል። ጥርሱ አይታይም፣ ጎማው አይታይም፣ ሁለት የሸክላ ክብ ነው የሚታየው። ሱፍ ለብሰዋል፤ እስከ ቅንድባቸው ቀይ ሆነዋል፤ ፊሽካቸው ሳይቀር ተደፍኗል። ጎሚስታው ከኋላቸው በአንድ እጁ ሳይክሉን፣ በሌላው ጎማውን ይዞ መጣ። ግማሹን ያስተነፈሰው ጎማ መንገድ ላይ ከቸርኬው ወልቆበት ነበር። ሁለቱ ግቢው መሀል ተሰለፉ። አባባ ከፀጉራቸው ላይ ድርቆሽ እያራገፉ ተጨመሩ።

ደረሱ። ልቤ እንዴት እንደዘለለ መናገር አልችልም። አክስቴን አቅፌ አወዛወዝኳት፤ ማሰሮ ልንገለብጥ ነበር።

አሁን የሚቀረው ሥርዓቱ ነው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ግቡ ሲባል «የመጣንበትን ሳትሰሙን አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል። እህል አይቀምስም። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። አባቴም ከበረንዳው ወርዶ ተቀበላቸውና እንደ ደንቡ «በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ» አላቸው። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። በክፍተቱ እያየሁ ትንፋሼን ያዝኩ።

አባቴ የመምህሩን ቸርኬ እያየ «ይኼን ፓራፋንጎ ምነዋ ሳታወልቁት መጣችሁ?» አለ።

አለቀልን። ጎሚስታው ለሁለት ወር የጠበቀው ሰው መጣለት። «ተናግሬያለሁ» አለ፣ «እኚህን ሰውዬ ለምኛቸዋለሁ። ሰሚ የለም እንጂ ተናግሬያለሁ።» መምህሩ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና «ፓራፋንጎ ከሌለ ጭቃው ጀርባ ላይ ይወጣል፤ ሽማግሌ ጀርባው ቆሽሾ ሰው ቤት ይገባል?» አሉ። አባባ ከእግር እስከ ራሳቸው አይተዋቸው «አሁን ንጹሕ ነው?» አሉ። አባቴ ሳቀና ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በጣቱ መፋቅ ጀመረ። ጎሚስታው አጠገቡ ቁጢጥ አለ። መምህሩ ለማስረዳት ወረዱ። አባባ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። አራቱ ሳይክሉን ከበቡት፤ የመጡበት ጉዳይ፣ እኔ፣ እልፍኝ ውስጥ ቀረሁ።

«ተቀመጡ እኮ» አልኳት አክስቴን።

«ይነሣሉ» አለች።

አልተነሡም። አባቴ ወደ ቤት ዞሮ «ኧረ ሰዎቹ ደክመዋል፣ የሚቀመስ አምጡ» ብሎ ተጣራ። አክስቴ ግራ ገባት። ጉዳያቸውን ሳይናገሩ እህል ማቅረብ ነውር ነው፤ ሲጠየቁ አለማቅረብም ነውር ነው። ገንፎውን በቅቤ አድርጋ ይዛ ወጣች፤ ይመልሱታል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። መምህሩ እያወሩ እጃቸውን ታጠቡ፣ እያወሩ ቢስሚላህ አሉ፣ እያወሩ በሉ። አክስቴ ተመልሳ ገብታ ሌባ ጣቷን ነከሰች።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ጎማ ተወራ። የማንጎው ሥር ክርክር ሁሉ እንደ አዲስ ከሀ ተጀመረ። የሚያናድደኝ ደግሞ አባቴ ነው፤ ይጠይቃል፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላውን ይጠይቃል። ሃያ ስድስት ቁጥር ጎማ ይሻላል ወይስ ሃያ ስምንት? ኮርቻ ዝቅ ሲል ጉልበት ያማል ወይስ ከፍ ሲል? አባባን ለብቻቸው ወደ ጥግ ወስዶ ደግሞ ስለ ሆሞሻ ጠየቃቸው፤ የዚያ አፈር እንደኛው ይጣበቃል?

«የለም» አሉ አባባ። «እዚያ አሸዋ አለው። ጭቃ ትንሽ ነው። ቀጭን ጎማ ወላሂ ይሄዳል።»

«ወንዙስ?»

«ድልድይ አለ፤ የቀርከሃ። ሳይክል ትከሻ ላይ፣ ሰው በእግር። ሃምሳ ርምጃ። ሽማግሌ ያልፋል፣ እኔ አልፋለሁ።»

እኔ ጥርሴን እያፋጨሁ እሰማለሁ። ልጅህን ሊለምኑ መጥተው ስለ ሆሞሻ አሸዋ ምን ያገባሃል ብዬ በውስጤ እጮሃለሁ። እሱ ስለ ልጁ ይጠይቅ፤ እጮኛዬ ይጠጣል ወይ፣ ይማታል ወይ፣ ምን ይሠራል ይበል። ማንም አባት የሚጠይቀውን ይጠይቅ። አንድም ጊዜ ስሜ አልተነሣም። እጮኛዬ ያን ሰዓት ያለ ጎማ ሳይክሉ አጠገብ ማንጎው ሥር ቆሞ ስልኩን እያየ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ ኔትወርክ እንደሌለም ያውቃል፤ ግን ያያል።

ይባስ ብሎ አባቴ «እስቲ ያንቱን ልሞክረው» ብሎ የአባባን ሳይክል ያዘ። እኔ በሃያ ምናምን ዓመቴ አባቴ ሳይክል ሲነዳ አይቼ አላውቅም። ይችላል ብዬም አስቤ አላውቅም። ጋቢውን አውልቆ ለመምህሩ ሰጠ፣ ሽርጡን ጉልበቱ ላይ ሰብስቦ ቋጠረ፣ ወጣና ነዳ። አንድ ጊዜ ግቢውን ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። በሦስተኛው ፍሬን እንደሌለ ያስታወሰው ዶሮዎቹ ላይ ሲደርስ ነው፤ ዶሮዎቹ ወዲያና ወዲህ ተበታተኑ፣ እሱ በጎኑ ጭቃው ላይ ተጋደመ። ጎሚስታው ሮጦ ሳይክሉን አነሳው። መምህሩ ሮጠው አባቴን ሊያነሡት ጎነበሱ። አባቴ ተኝቶ እየሳቀ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፤ ንዴቴ ሁሉ ለአፍታ ጠፍቶ አክስቴና እኔ እንባ እስኪወጣን አብረን ሳቅን።

ከዚያ ሰማዩ ከበደ። ጎሚስታው ቀና ብሎ አየና «ዝናቡ ሳይቀድመን እንውጣ፣ በዕለቱ ተመለሱ ተብለናል» አለ። ሦስቱ ቶሎ ተነሡ። ፓራፋንጎው ወልቋል፣ ጎማው ተመልሷል፣ ፍሬኑ ታጥቧል። እጃቸውን ታጠቡ። አባባ መዳፋቸውን ዘርግተው ቤቱን መረቁ፤ ቤታችሁ ይሙላ፣ ዝናቡ የበረካ ይሁን አሉ። አሚን ተባለ። አባቴን ተሰናበቱ። ሳይክላቸውን ይዘው ወደ አጥሩ በር መግፋት ጀመሩ።

አክስቴን አየኋት። አየችኝ። «ሊሄዱ ነው» አልኩ። እውነትም ሊሄዱ ነው፤ ሁለት ወር የተዘጋጁበትን፣ አሥር ኪሎ ሜትር ጭቃ የተሸከሙለትን ነገር ሳይናገሩ፣ በጣም ደስ ብሏቸው።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን አክስቴ እስከ ዛሬ ለሰው አትናገርም። በሩን በርግጄ በባዶ እግሬ ግቢው መሀል ወጣሁ።

«ጉዳዩስ?» አልኳቸው።

ሦስቱ ባሉበት ቆሙ። መጀመሪያ የገባቸው ጎሚስታው ነው፤ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ወይ ጉዳችን» አለ ቀስ ብሎ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው «አስተግፊሩላህ» አሉ። መምህሩ ሳይክላቸውን ለቀቁትና ወደቀ፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የንግግሩን ወረቀት አወጡ፤ ወረቀቱ አራት ላይ እንደታጠፈ ረጥቦ ተጣብቋል። ሊከፍቱት ሲሉ ተቀደደ። ሱፋቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ በዚያ የሜዳ ድምፃቸው «እንግዲህ የመጣንበትን ጉዳይ ሳትሰሙን አንቀመጥም» አሉ።

«ተቀምጣችሁ፣ በልታችሁ፣ ጨርሳችሁ» አለ አባቴ። ፈገግ ብሏል። «ተዉት አያ፣ ጉዳዩን ከሰኔ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ። እንኳን ደረሳችሁ።»

ደስታው ግን ወዲያው አልመጣም፤ ንዴቱ ቀደመው። «አባ፣ ልትሰጠኝ ከነበረ ሐምሌ ኑ ብለህ ለምን አስጨነቅኸኝ? በጭቃ ልትፈትናቸው ነው?» አልኩት።

አባቴ ጎንበስ አለ። ከሽርጡ ላይ ጭቃውን አራገፈ። ሽማግሌዎቹም አልተንቀሳቀሱም፤ ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር።

«ልፈትናቸው አይደለም» አለ። «ሽማግሌዎቹ ሳይክል በሐምሌ ጭቃ ይሄዳል ይላሉ ሲባል ሰማሁ። ወሬ መሰለኝ። እስቲ መጥተው በዓይኔ ልይ ብዬ ነው። መኪና አይገባ፤ ጉልበቴ ያን ሁሉ መንገድ በእግር አላደርስህ ካለኝ ቆየ። ሳይክል ሲነዱት ግን አያመኝም፤ ይኸው አሁን አየሁት።»

ያኔ ገባኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እነሱ እንዴት እንደሚመጡ አልነበረም የሚጠይቀው፤ እሱ እንዴት እንደሚሄድ ነበር። በር ጀርባ ቆሜ የሰደብኩት ስድብ ሁሉ ፊቴን አቃጠለኝ። እያለቀስኩም እየሳቅሁም ነበር፤ አፍንጫዬን በእጄ ጠርጌ «እኔ ጋ ልትመጣ ነው» አልኩት።

«አንቺማ አሶሳ አስፋልት ላይ ነሽ፣ ምን ትሆኛለሽ» አለ። «መጀመሪያ እህትሽ ጋ ነው የምሄደው። እሷ ስድስት ክረምት ጠብቃኛለች።»

ጎሚስታው ሳይክሉን ለአባባ አስያዘና ተመለሰ። አባቴ እግር ሥር ተንበርክኮ ለኮርቻው ቁመት ከዳሌው እስከ ተረከዙ በስንዝር ይለካው ጀመር።